የደረጃ መደገፊያ አመራረጥ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ለሚሠሩ ዝርዝር መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ጂ+1 ቤት ሠርተው የገቡ ሰዎች ስለ ደረጃ መደገፊያቸው የሚያነሡት ቅሬታ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሲገጠም ያማረው መደገፊያ ዓመት ሳይሞላው ይነቃነቃል፤ ወይም ልጅ በዘንጎቹ መካከል ጭንቅላቱን አስገብቶ ማውጣት ያቅተዋል፤ ወይም የእጅ መያዣው ከሚገባው በታች ዝቅ ብሎ ይገኛል። የሦስቱም መነሻ አንድ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ የመረጠው በስልክ ያየውን ዲዛይን ሲሆን፣ ቋሚው ምን ላይ እንደሚቆም የታሰበው ግን በያጁ ትራፓኖውን (መብሻ ማሽኑን) ይዞ ደረጃው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መቆሚያው ይቀድማል፣ ልኩ ይከተላል፣ ማቴሪያሉና ዲዛይኑ በመጨረሻ ይመጣሉ።

ከዚህ በታች «መደገፊያ» ሲባል ቋሚዎቹን፣ በቋሚዎቹ መካከል ያሉትን ዘንጎች ወይም መስታወት፣ ከላይ ያለውንም የእጅ መያዣ በአንድነት ማለት ነው። በገበያው «ሃንድሬል» የሚባለው ቃል አንዳንዴ ሙሉውን፣ አንዳንዴ ደግሞ የላይኛውን ቧንቧ ብቻ ስለሚያመለክት፣ ዋጋ ሲጠይቁ የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ ይለዩ።

1. ጊዜውን ይወስኑ

መደገፊያው የሚወሰንበት ትክክለኛ ጊዜ የደረጃው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ 10 በ10 ሴ.ሜ ስፋትና 8 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ፕሌት (ጠፍጣፋ ብረት) በጀርባው የፌሮ (የኮንክሪት ብረት) እግር ተበይዶለት፣ ከደረጃው ፌሮ ጋር ታስሮ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ከተቀበረ ቋሚው ኋላ በቀጥታ ፕሌቱ ላይ ይበየዳል። መብሳትም ብሎንም አያስፈልግም። ፕሌቶቹን ቋሚ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ ቢበዛ በየ1.2 ሜትሩ ይቅበሩ፤ ቦታቸውንም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ፕሌቱን ፍለጋ ደረጃውን የሚቆፍር ሰው አይቼ አውቃለሁ።

ኮንክሪቱ ተሞልቶ ከሆነ ቀጣዩ ጥሩ ጊዜ እብነ በረዱ ወይም ቴራዞው ከመነጠፉ በፊት ነው። ቋሚው በባዶው ኮንክሪት ላይ ይታሰርና እብነ በረዱ በቋሚው ዙሪያ ተቆርጦ ይነጠፋል፤ የግርጌው ፕሌትና የብሎኖቹ ራስም ከእይታ ይሰወራሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ጊዜ የሚገጠም መደገፊያ ከፍታው የሚለካው ወደፊት ከሚነጠፈው ንጣፍ አናት እንጂ ከባዶው ኮንክሪት አይደለም። ሞርታሩ 2 ሴ.ሜ፣ እብነ በረዱ 3 ሴ.ሜ ቢሆን፣ ከኮንክሪቱ 90 ሴ.ሜ ተብሎ የተገጠመ የእጅ መያዣ ሥራው ሲያልቅ 85 ሴ.ሜ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የንጣፉን ውፍረት ከአንጣፊው ጠይቀው በቋሚው ርዝመት ላይ አስቀድመው ይደምሩ።

እብነ በረዱ ከተነጠፈም በኋላ መግጠም ይቻላል፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

2. መቆሚያውን ይመርምሩ

አንድ ሰው 1 ሜትር ቁመት ባለው ቋሚ አናት ላይ በ50 ኪሎ ግራም ኃይል ቢገፋ፣ እና የግርጌው ብሎን ፕሌቱ ከሚደገፍበት ጠርዝ 10 ሴ.ሜ ቢርቅ፣ ቋሚው እንደ መፈንቀያ ስለሚሠራ በብሎኖቹ ላይ የሚያርፈው የመንቀል ኃይል ዐሥር እጥፍ፣ ማለትም 500 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ሠርግ፣ ለቅሶ ወይም የመውሊድ ድግስ ባለበት ቤት ደረጃው ላይ ተሰልፎ የሚቆመው ሰው መደገፊያውን የሚጫነው አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት ነው። መደገፊያ የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ቀን ነውና መቆሚያውን ለዚያ ቀን ያዘጋጁ።

የራሴን ቤት ደረጃ ሳሠራ ይህን አላሰብሁም ነበር። ገጣሚው 6 ሴ.ሜ ርዝመት ባላቸው ብሎኖች አሰረው፤ ከዚያ ውስጥ 5 ሴ.ሜው እብነ በረዱንና ሞርታሩን ብቻ ነበር የያዘው። በሰባተኛው ወር የመጀመሪያው ቋሚ ሲነቃነቅ እብነ በረዱን ሰንጥቆ ሄደ፤ ለጥገናው የወጣው ወጪ ከመጀመሪያው ገጠማ ብዙም አያንስም ነበር።

ምርመራውን እንዲህ ያካሂዱ።

ሀ. ቋሚ በሚቆምበት እያንዳንዱ ቦታ ላይ እብነ በረዱን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ሞርታር የለም፤ ፕሌቱ ሲጠብቅ ድንጋዩ ይሰነጠቃል። ያን ድንጋይ አስነሥተው እንደገና ያስነጥፉ እንጂ «ብሎኑ ይይዘዋል» የሚለውን አይቀበሉ።

ለ. አንድ የሙከራ ቀዳዳ ያስበሱና የሚወጣውን ዱቄት ይመልከቱ። ትራፓኖው እየታገለ፣ ግራጫ ዱቄት እያወጣ ከሄደ ኮንክሪት ነው። በድንገት ወደ ውስጥ ከሰመጠ ግን ብሎኬት ላይ ነዎት። በላይኛው ፎቅ ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) በብሎኬት የተሞላ ከሆነ ቋሚው በጠርዙ ቢም (የኮንክሪት አግዳሚ) ላይ እንዲያርፍ ቦታውን ይቀይሩ።

ሐ. ብሎኑ ከኮንክሪቱ ውስጥ ብቻ 8 ሴ.ሜ እንዲገባ ርዝመቱን ይቁጠሩ። ንጣፉና ሞርታሩ 5 ሴ.ሜ ከሆኑ፣ ፕሌቱና ዳዶው (የብሎኑ ማጥበቂያ) ደግሞ 2 ሴ.ሜ ከወሰዱ፣ የሚያስፈልግዎ 15 ሴ.ሜ ነው። ውፍረቱ ከ10 ሚ.ሜ አይነስ፤ በአንድ ፕሌት ላይም አራት ብሎን ይሁን።

መ. ቀዳዳው ከኮንክሪቱ ጠርዝ ቢያንስ 8 ሴ.ሜ ይራቅ። እየሰፋ የሚይዝ ብሎን ኮንክሪቱን ወደ ጎን ስለሚገፋ ከጠርዝ ሲጠጋ ጠርዙን ያፈርጠዋል። ቦታው ጠባብ ከሆነ በኬሚካል የሚጣበቀውን አንከር (ማሰሪያ ብሎን) ይጠይቁ፤ እርሱ ኮንክሪቱን አይገፋም። ታዲያ ቀዳዳው በብሩሽና በነፋስ በደንብ ካልጸዳ ኬሚካሉ የሚይዘው አቧራውን ነው።

ቢበላሽ፦ ትራፓኖው ፌሮ ላይ ከደረሰ አይቁረጡት። ቀዳዳውን 3 ወይም 4 ሴ.ሜ ያዛውሩ፣ አሮጌውን ሲደርቅ በማይኮማተር የሲሚንቶ ድብልቅ ይሙሉት፣ ፕሌቱንም በአዲሱ ቀዳዳ ልክ ያስበሱ።

ስለ ግድግዳው በኩል ጥቂት ልጨምር። ደረጃው በአንድ ጎኑ ግድግዳ ቢኖረው በዚያ በኩል የእጅ መያዣ ብቻ ይበቃል፤ ግን ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በተራ ፊሸር (ብሎን በሚገባበት ፕላስቲክ) የታሰረ መያዣ ተነቅሎ ይመጣል። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ወይም ቢም ላይ እንዲታሰር ያድርጉ፤ ካልሆነም ብሎኑን ከግድግዳው ጀርባ በፕሌት ይያዙት፣ ወይም የብሎኬቱን ጉድጓድ በኮንክሪት ሞልተው ሲደርቅ ይብሱት።

3. ከፍታውን ይለኩ

ከፍታ የሚለካው ከመርገጫው የፊት ጠርዝ ተነሥቶ በቱንቢ ቀጥታ ወደ ላይ፣ እስከ እጅ መያዣው አናት ድረስ ነው። ሜትሩን ከደረጃው ተዳፋት ጋር አዘንብለው የሚለኩ ሠራተኞች ስላሉ ልኩን እርስዎ ራስዎ ይውሰዱ።

በተዳፋቱ ላይ 90 ሴ.ሜ፣ በማረፊያውና በላይኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከ1 ሜትር እስከ 1.10 ሜትር ያድርጉት። ማረፊያው ላይ ከፍ የሚለው ሰው እዚያ ቆሞ ስለሚያወራና ወደ ኋላ ስለሚደገፍ ነው፤ 90 ሴ.ሜ ለቆመ ጎልማሳ ከወገብ በታች ነው። ደሴ ላይ ቤቱ ወደ ጦሳ ተራራ ተዳፋት ተጠግቶ ሲሠራ የኋላው በረንዳ ከመሬት የሚርቀው ከፊቱ በእጅጉ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ባለ በረንዳ ላይ 1.10 ሜትርን ዝቅተኛው አድርገው ይያዙ።

የሁለቱ ከፍታዎች መገናኛ ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሽበት ቦታ ነው። 90 ሴ.ሜው ወደ 1.10 ሜትር ሲሸጋገር የእጅ መያዣው መቋረጥ የለበትም። መብራት በጠፋ ጊዜ የሚወርድ ሰው እጁን ሳያነሣ ከላይ እስከ ታች መድረስ አለበትና፣ ሽግግሩን በታጠፈ ቧንቧ ያሠሩ።

4. ክፍተቱን ያስሉ

ልኩ 10 ሴ.ሜ ነው። ዲያሜትሩ 10 ሴ.ሜ የሆነ ኳስ በመደገፊያው የትኛውም ክፍተት ማለፍ የለበትም፤ ይህ በብዙ አገር የቤት ኮድ (የግንባታ ደንብ) የሚሠራበት ልክ ሲሆን የሕፃን ጭንቅላትን ታሳቢ ያደረገ ነው። ሕፃን መጀመሪያ ሰውነቱን ያስገባል፣ ጭንቅላቱ ግን ይቀራል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ አግድም ሲለካ 1,140 ሚ.ሜ ቢሆን፣ ዘንጉም 20 ሚ.ሜ ውፍረት ቢኖረው፣ ስምንት ዘንግ ሲደረግ ዘጠኝ ክፍተት ይኖራል፤ ከ1,140 ላይ 160 ቀንሰን ለ9 ስናካፍል 109 ሚ.ሜ ገደማ ይመጣል፣ ይህም ከልኩ ያልፋል። ዘጠኝ ዘንግ ሲሆን ከ1,140 ላይ 180 ቀንሰን ለ10 እናካፍላለን፤ 96 ሚ.ሜ። እንግዲህ ዘጠኝ ነው። በያጁ «ስምንት ይበቃል» ቢል የሚቆጥበው ዘንግ የእርስዎ እንጂ የእርሱ እንዳልሆነ ይወቁ፤ ስሌቱን በወረቀት ጽፈው ይስጡት።

ቋሚ ዘንጎች ባሉት መደገፊያ ላይ ክፍተቱ በአግድም ይለካ። መርገጫው 28፣ የአንዱ እርከን ከፍታ 17 ሴ.ሜ በሆነ ደረጃ በተዳፋቱ ላይ 11.5 ሴ.ሜ የተለካ ክፍተት በአግድም 9.8 ሴ.ሜ ብቻ ስለሆነ፣ በተዳፋቱ የሚለካ ሰው ያለ አስፈላጊነቱ ብዙ ዘንግ ይገዛል።

ሁለት ቦታዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አንደኛው በመርገጫው፣ በእርከኑ ከፍታና በመደገፊያው የታችኛ አግዳሚ መካከል የሚፈጠረው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ይህ ቢበዛ 15 ሴ.ሜ ኳስ የማያሳልፍ ይሁን። ሁለተኛው በሲሚንቶ የሚወጡት ሆዳም ምሰሶዎች ናቸው። በሆዳቸው ላይ ሲለካ 8 ሴ.ሜ የሆነው ክፍተት በአንገታቸው ላይ 14 ወይም 15 ሊደርስ ይችላል፤ ልጁ የሚያልፈው በአንገቱ በኩል ነው። እንዲህ ያለውን ምሰሶ ከመረጡ ልኩን ከአንገቱ ይውሰዱ፤ በመካከሉም ከላይ እስከ ታች ፌሮ የገባበት መሆኑን ሲመረት ሄደው ይዩ።

አግድም ቧንቧዎች የተደረደሩበት ስቴንለስ በሁለቱም ከተሞች ተወዷል፤ ከታች ሲታይም እውነትም ያምራል። ሦስት ዓመት ለሆነው ልጅ ግን መሰላል ነው። ቤትዎ ውስጥ ሕፃን ካለ፣ ወይም የልጅ ልጆች ለበዓል የሚሰበሰቡበት ቤት ከሆነ፣ ቋሚ ዘንግ ይምረጡ። ቀድሞ የተገጠመ አግድም ካለዎት ከውስጥ በኩል ግልጽ የፖሊካርቦኔት ወይም የአክሪሊክ ሰሌዳ በማሰር መውጫውን መዝጋት ይቻላል።

5. የእጅ መያዣውን ይምረጡ

ሊጨበጥ ይገባል። ክብ ከሆነ ዲያሜትሩ ከ3.5 እስከ 5 ሴ.ሜ ይሁን። 10 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የእንጨት ሳንቃ ሲያዩት ክብር ይሰጣል፣ ነገር ግን እግራቸው የደከመ እናት ሲንሸራተቱ መዳፋቸው ያርፍበታል እንጂ አይይዘውም። ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴ.ሜ ይራቅ፤ ጫፉም ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ቋሚው ታጥፎ ይዘጋ፤ ተቆርጦ የቀረ ጫፍ የጋቢና የነጠላ ጠላት ነው።

6. ማቴሪያሉን ይምረጡ

ተራ ብረት። ቱቦላሬ ወይም አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ለቋሚ 40 በ40 ሚ.ሜ ሲሆን የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ከ2 ሚ.ሜ አይነስ። ጠላቱ ዝገት ነው፤ ዝገቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የደሴ ጉምና የክረምቱ ዝናብ ክፍት በቀረ የቱቦ አፍ ገብቶ ግርጌው ላይ ይጠራቀማል፣ ከውጭ ቀለሙ ደህና እንደሆነ ውስጡ ይበላል። ስለዚህ አፎቹ ሁሉ በብየዳ ይዘጉ። ብየዳው በግራይንደር ተስተካክሎ፣ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ፣ ሁለት ጊዜ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ከተቀባ በኋላ ነው ቀለም የሚከተለው። ደሴ ላይ ጠዋት ብረቱ ላይ ጤዛ ይኖራልና ረፋድ ሳይሆን አይቀቡ፤ ከሐምሌና ነሐሴ ይልቅ ጥቅምትና ኅዳር ለቀለም ይመቻሉ። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ በቀጥታ ለሚመታው የውጭ ደረጃ ጥቁር ቀለም አይምረጡ፤ በእኩለ ቀን እጅ አያስይዝም።

ስቴንለስ። ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በገበያው ውስጥ በአብዛኛው 201 እና 304 የሚባሉት የጥራት ደረጃዎች ይገኛሉ። 304 በውስጡ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል ሲኖረው፣ 201 ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት ስለሆነ ይረክሳል፣ እርጥበት ሲበዛበትም ቶሎ ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ሻጩ ማግኔት አውጥቶ «አይስብም፣ ስለዚህ ኦሪጅናል ነው» ቢልዎ ያ ማረጋገጫ አይሆንም፤ 201ም ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ይልቁን በቧንቧው ላይ የታተመውን ጽሑፍ ያንብቡ፣ የጥራት ደረጃው በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፣ የሚቻል ከሆነም ማንጋኒዝን በቀለም ለውጥ የሚለየውን ጠብታ ቆርጠው በወሰዱት ቁራጭ ላይ ይሞክሩ። ለውስጥ ደረቅ ደረጃ 201 ይበቃል፤ ለውጭ ግን 304ን ብቻ ይግዙ።

ውፍረቱንም አይርሱ። በጣት ሲመታ ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ የሚሰጥ 0.8 ሚ.ሜ ቧንቧ ለጌጥ እንጂ ለቋሚ አይሆንም፤ ቋሚው 50 ሚ.ሜ ዲያሜትርና 1.5 ሚ.ሜ ውፍረት ይኑረው። ውፍረቱን በተቆረጠው ጫፍ ላይ በካሊፐር ይለኩ። ስቴንለሱ በተራ ብረት ፕሌት ላይ የሚበየድ ከሆነ ለሁለቱ መጋጠሚያ የሚሆነው 309 ቁጥር ኤሌክትሮድ እንዲሆን ይጠይቁ፤ በተራ ኤሌክትሮድ የተበየደው ቦታ በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የእብነ በረድ አንጣፊዎች በመጨረሻ ወለሉን የሚያጥቡበት አሲድ ስቴንለስን ያበላሻል፣ በረኪናም እንዲሁ። መደገፊያው ከዚያ በፊት የተገጠመ ከሆነ በፕላስቲክ ይሸፍኑት። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦም አይንካው፤ ሽቦው የሚተወው የብረት ብናኝ ነው ኋላ የሚዝገው።

መስታወት። ለጠባብና ጨለማ ደረጃ መስታወትን የሚተካከለው የለም፤ ብርሃኑን ያሳልፋል። መሆን ያለበት ግን ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ)፣ ከተቻለም ሁለት ንጣፍ በፊልም የተጣበቀ ሲሆን፣ ውፍረቱም ቢያንስ 10 ሚ.ሜ፣ የተሻለው ደግሞ 12 ነው። ቴምፐርዱ ሲሰበር በትናንሽ ጥርስ ይበተናል፣ ስለታም ስንጣሪ አይሆንም፤ የተጣበቀው ደግሞ ተሰብሮም ቦታው ላይ ይቆያል። ቴምፐርድ መሆኑን በማዕዘኑ ላይ ካለው የማይጠፋ ማኅተም ይለዩ።

ቴምፐርድ መስታወት አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልኩ በ5 ሚ.ሜ የተሳሳተ እንደሆነ የሚቀረው አዲስ ማዘዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ንጣፉ አልቆ፣ ቋሚዎቹም ቆመው ካለቁ በኋላ ነው፤ በተዳፋቱ ላይ ያለው መስታወት አራት ማዕዘኑ እኩል ስላልሆነ በቁጥር ብቻ አይላኩት፣ በካርቶን ወይም በኮምፔንሳቶ (በስስ ጣውላ) ሙሉ ቅርጹን ቆርጠው ይላኩ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚጓጓዝ ከሆነ ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ፣ በመካከሉ ጎማ ወይም ካርቶን ገብቶለት፣ ከመኪናው ጎን ጋር በገመድ ታስሮ ይሂድ። ሲገጠምም መስታወቱ ብረት በየትኛውም በኩል እንዳይነካው የጎማ ማረፊያው መኖሩን ያረጋግጡ። የቦርከና ሸለቆ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያለ፣ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥም የደረሰበት አካባቢ ስለሆነ፣ እኔ በበኩሌ መስታወቱን ብቻውን ከሚያቆመው ዲዛይን ይልቅ ከላይ የእጅ መያዣ ያለውን እመርጣለሁ፤ መስታወቱ ቢሰበር እንኳ የሚያዝ ነገር ይቀራል።

እንጨት። ዋንዛም ሆነ ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል። የእጅ መያዣውን ብቻ እንጨት አድርጎ ቋሚውንና ዘንጉን ከብረት ማሠራት በደሴ ብርድ ለእጅም ይመቻል፣ ወጪውንም ይቀንሳል። ለውጭ ደረጃ አይጠቀሙበት።

7. ዲዛይኑን አሁን ይምረጡ

ከዚህ በላይ ያለው ከተወሰነ የሚቀረው ምርጫ ጠባብ ነው፤ ጥሩም ነው። የደረጃው ስፋት ከ1 ሜትር በታች ከሆነ ቋሚውን በመርገጫው ላይ ሳይሆን በኮንክሪቱ ጎን ላይ ያሠሩ፤ 10 ሴ.ሜ ያህል መተላለፊያ ያተርፋሉ፣ የቡና ረከቦት ይዞ የሚወጣ ሰውም አይጠብበውም። ጠመዝማዛ ጌጥ ከወደዱ ጫፎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ የተጠቀለሉና ከዘንጉ ጋር የተበየዱ ይሁኑ። ቀለሙን ከመስኮቱ ብረትና ከበሩ ጋር ያዛምዱት፤ በአንድ ቤት ውስጥ ወርቃማ ስቴንለስ፣ ጥቁር ብረትና ቡናማ እንጨት በአንድ ላይ ሲቀመጡ የትኛውም አያምርም። ግድግዳው ነጭ፣ መርገጫውም ነጭ ከሆነ የእጅ መያዣው ጠቆር ያለ ይሁን፤ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ለይቶ ለማየት ይረዳል።

8. ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ

የቃል ስምምነት ጭቅጭቅ የሚወልደው «በሜትር» በምትለው ቃል ላይ ነው። ሜትሩ በተዳፋቱ ነው ወይስ በአግድም? ቋሚው፣ ብሎኑ፣ ቀለሙና የግድግዳው በኩል መያዣ ዋጋው ውስጥ አሉ? በወረቀቱ ላይ የማቴሪያሉን ደረጃና ውፍረት፣ የቋሚዎቹን ርቀት፣ የዘንጎቹን ክፍተት፣ ሁለቱን ከፍታዎችና የብሎኑን ርዝመት ያስፍሩ። ከክፍያው አንድ አራተኛ ያህሉ ከፍተሻው በኋላ የሚከፈል ይሁን።

9. በገጠማው ቀን

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ ቋሚዎች ብቻ በቱንቢ ወይም በሊቬላ (በውሃ ልክ) ተስተካክለው ይቆሙ። በሁለቱ አናት መካከል ሲባጎ ይወጠር። መካከለኞቹ ቋሚዎች በሲባጎው ልክ ይቆሙ፣ ነገር ግን ዳዶዎቹ ገና አይጥበቁ። የእጅ መያዣው ተቀምጦ ከፍታው በሦስት መርገጫዎች ላይ ተለክቶ ሲጸድቅ ብቻ ዳዶዎቹ ይጠብቁ፣ መጋጠሚያዎቹም ይበየዱ። ዘንጎቹ በመጨረሻ ይገባሉ።

የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ብየዳው ከላይ የያዘ ይመስላል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። አምፖሉ ደብዘዝ ያለበት ሰዓት ላይ ሥራው ይቁም፤ የቀን ሒሳብ ላለመክሰር የተበየደ መጋጠሚያ በኋላ ይለያያል። የብየዳው ብልጭታ በእብነ በረዱና በመስኮቱ መስታወት ላይ የማይለቅ ጠባሳ ስለሚተው ሁለቱንም በእርጥብ ጆንያ ወይም በቆርቆሮ ይሸፍኑ።

10. ሳይከፍሉ ይፈትሹ

በእያንዳንዱ ቋሚ አጠገብ ቆመው የእጅ መያዣውን በሙሉ ክብደትዎ ወደ ውጭ ይግፉ፤ ባዶው በኩል እንዳይወድቁ ግን ወገብዎ ላይ ገመድ ይታሰር ወይም ከታች በኩል ሆነው ይሳቡት። የአሜሪካ የቤት ኮድ መደገፊያ በአናቱ የትኛውም ነጥብ ላይ 200 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል እንዲችል ይጠይቃል። ግርጌው ላይ ጣትዎን አድርገው ሌላ ሰው ይግፋ፤ ፕሌቱና ወለሉ መካከል እንቅስቃሴ ከተሰማዎት አይቀበሉ። ከዚያም 10 ሴ.ሜ የተለካ ጣውላ ወይም ጣሳ ይዘው ክፍተቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክሩ። በመጨረሻ ነጠላ በእጅዎ ላይ ጠቅልለው ከላይ እስከ ታች በመያዣውና በዘንጎቹ ላይ ያሂዱት፤ ክሩ የሚያዝበት ቦታ ሁሉ ግራይንደር ይፈልጋል።

ጉድለት ከተገኘ

ቋሚው ከተነቃነቀ ዳዶውን ብቻ አጥብቀው አይተዉት። ፕሌቱን አንሥተው ብሎኑ የያዘው ምን እንደሆነ ይዩ፤ ንጣፉን ብቻ ከያዘ ቀዳዳው ጠልቆ ረዥም ብሎን ወይም የኬሚካል አንከር ይግባ። በፕሌቱ ዙሪያ ሲሊኮን መሙላት መነቃነቁን ይደብቃል እንጂ አያቆመውም።

ከፍታው ካነሰ ሙሉውን መንቀል አያስፈልግም። በአሮጌው መያዣ ላይ አጫጭር መቆሚያዎች ተበይደው ሁለተኛ ቧንቧ ይቀመጥበት፤ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው ክፍተትም ከ10 ሴ.ሜ አይለፍ።

ክፍተቱ ከሰፋ በየመካከሉ አንድ ዘንግ ይጨመር። ስቴንለሱ ላይ ቡናማ ነጥብ ከታየ ብየዳው አካባቢ ብቻ ከሆነ በስቴንለስ ማጽጃ ጄል ይለቃል፤ በቧንቧው ሁሉ ላይ ከተበተነ ግን የተሸጠልዎ 201 ሊሆን ይችላልና ደረሰኙን ያውጡ። መስታወቱ ጠርዙ ላይ ጥቂት ቢሰነጠር እንኳ ይቀየር፤ ቴምፐርድ ጠርዙ ከተጎዳ ሌላ ቀን ያለ ምክንያት ሊበተን ይችላል።

ከገጠማው በኋላ በሦስተኛው ወር ዳዶዎቹን በቁልፍ አንድ በአንድ ያጥብቁ፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ የውጭውን ደረጃ አንቲረስት በሚያድሱበት ቀን፣ ይህንኑ ይድገሙ።